ብርቄ ያስተማረችኝ ቃል

አፌን የፈታሁት በዋግ አገው ቋንቋ፣ በኻምጣኛ ነው፤ ዋግ ገጠር ጋዝጊብላ ተወልጄ ታዲያ በምን ልፈታ ኖሯል? ሰቆጣ ከተማ አንድ መዋዕለ ሕፃናት ረዳት መምህርት ሆኜ ስቀጠር ግን፣ ዋናዋ መምህርት "ኻምጣኛ ትሰሚያለሽ?" ብትለኝ "ኧረ እኔ አልሰማም!" ብዬ ቁጭ። ገጠሬ እንዳልባል ፈርቼ ነዋ! አንድ ቀን ብርቄ የምትባል አዲስ የገባች የአራት ዓመት ልጅ ቀሚሴን ጎተተችና ሽንቷ እንደመጣ በኻምጣኛ ነገረችኝ። ጥርት አድርጌ ሰምቻታለሁ። መምህርቷ ግን አጠገቤ ቆማለች። "በአማርኛ ተናገሪ እንጂ!" ብዬ ጮኽኩባት። ደግማ ነገረችኝ፤ እንዳልገባው ሰው ትከሻዬን ነቀነቅኩ። ምን ታድርግ፣ ምንጣፉ ላይ ለቀቀችው። ልጆቹ ሳቁባት። መምህርቷ ደግሞ ልጅቷን አቅፋ ስታበቃ ወደ እኔ ዞራ "አይዞሽ፣ አንቺ ምን ታደርጊያለሽ፣ ቋንቋውን አታውቂው" ብላ አጽናናችኝ። እኔን!

በማግስቱ ታኮርፈኛለች ስል ብርቄ መጥታ ጣቴን ያዘች። በሩ ጋ ወሰደችኝና ቁጢጥ ብላ እያሳየች፣ ሽንት በኻምጣኛ ምን እንደሚባል ነገረችኝ፤ ቀስ ብላ፣ ለሕፃን እንደሚነገር። ከዚያ አፍ አፌን እያየች እስክደግመው ጠበቀች። መምህርቷ ከውስጥ ሆና ታየናለች። እናቴ ያስተማረችኝን ቃል፣ እንዳይነቃብኝ አፌን አጣምሜ፣ እንደ ባዕድ አበላሽቼ ደገምኩት። ብርቄ ደስ አላት። እኔው ባስተማርኳት አማርኛ "ጎበዝ!" ብላ አጨበጨበችልኝ።