በርባሶ የተጫማችው ፊያት

በእኛ ጊዜ እኮ ልጄ፣ መኪና ቤተሰብ ነበረች። ስትታመም ታስታምሚያታለሽ እንጂ፣ እንደ ዛሬ ሰው ፎቶዋን አንስተሽ ለሽያጭ አትለቂያትም። ስልክሽ ይቀዳል? እሺ። እኔ ያቺን ሰማያዊ ፊያት የገዛኋት አያትሽን፣ አልማዝን ባገባሁ በዓመቱ ነው፤ እና ሁለቱም አብረውኝ አረጁ። ኧረ ቀስ ልበል፣ ጓዳ ሆና ትሰማለች!

ታዲያ ባለፈው፣ ክረምቱ እንደወጣ፣ ፊያቷ ከፊት በኩል መንገጫገጭ ጀመረች። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ሾላ ደርሼ ስመለስ ጥርሴ ሊረግፍ ምንም አልቀረው። ኮፈኑን ከፍቼ ባይ፣ ራዲያተሩን ከታች የሚሸከሙት ጎሚኒዎች፣ ትንንሽ የጎማ ትራሶች ናቸው ልጄ፣ ንዝረቱን የሚውጡለት፣ እነሱ አልቀዋል። አልማዝ በሩ ላይ ቆማ፣ «ስማ አንተ ሰውዬ፣» አለች፣ «እሑድ እንጦጦ እህቴ ዘንድ ትወስደኛለህ። እንደ አምናው ዳገቱ ላይ ከፈላች፣ ሰኞ ጠዋት ቆራሌው ሲያልፍ ጠርቼ እሰጣታለሁ። በእናቴ!» አልማዝ ደግሞ በእናቷ ከማለች አለቀ፣ አለቀ ነው የምልሽ።

ታዲያ ጎሚኒ ፍለጋ ዞርኩ። አንዱ መለዋወጫ ሻጭ ስልኩ ላይ ፈልጎ ፈልጎ፣ «አባባ፣ የዚህችን ዕቃ ሙዚየም ይጠይቁ» አይለኝም? ተናደድኩ፣ እና ቤቴ ተመልሼ እንደገና ኮፈኑን ከፈትኩ። በእኛ ሰፈር መቼም ኮፈን ከተከፈተ ለቅሶ ቤት ነው፣ ሰው ሳይጠራ ነው የሚመጣው። አንዱ «ቺንጋው ነው»፣ አንዱ «ውሃው ነው»፣ ዝም የሚል የለም። ጎረቤቴ አቶ ሙሉጌታማ፣ ያ ጴንጤው፣ መዝሙሩን እያንጎራጎረ ወንበር ሁሉ ይዞ መጣ።

«በርባሶ!» አለኝ።

«ምን?»

«በርባሶ ቆርጠህ አስገባላት። ጎማ ጎማ ነው። ገበሬው እሱን ተጫምቶ አይደለም እንዴ ተራራ የሚወጣው?»

እና አሳመነኝ! ሾላ ሄጄ አንድ ጥንድ በርባሶ ገዛሁ። ሻጩ «ቁጥር ስንት?» ቢለኝ፣ «ለመኪና ነው» አልኩት፤ ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ።

ታዲያ መኪናዋን በክሪክ አንስቼ ከሥሯ ገባሁ፤ ብሎኑን ፈታሁ፣ ያለቀውን አወጣሁ፣ በርባሶውን በቢላ ቆርጬ አስገባሁ፣ እና ጥብቅ፣ ጥርቅም አደረግሁት። አልማዝ በየደቂቃው ብቅ ትላለች። «አልጨረስክም?» «አልጨረስኩም!» «አለህ?» «አለሁ!» እኔማ የምትነዘንዘኝ ነው የመሰለኝ።

እሑድ ሆነ፣ ዳገቱን ተያያዝነው። በርባሶ ለካ ድርቅ ያለ ነገር ነው፤ ለድንጋይ እንጂ ለራዲያተር አልተሠራም። ንዝረቱን መዋጥ ትቶ ሁሉንም ለራዲያተሩ አቀበለው። ባሕር ዛፉ መሃል ስንደርስ የራዲያተሩ ብየዳ ተሰነጠቀ፣ እና እንፋሎቱ ቡልቅ! አቆምኩ። ወርጄ ኮፈኑን ከፈትኩ። በመጨረሻ፣ «በይ፣ ሰኞ ቆራሌውን ጥሪው» አልኳት። አልዋሽሽም ልጄ፣ እንባዬ መጣ።

«እኔ መኪናዋን መች ጠላሁ?» አለችኝ። «አንተ ከሥሯ ስትገባ እግርህ ብቻ ነው የሚታየኝ። በዚህ ዕድሜህ፣ በዚያ አሮጌ ክሪክ! አሁን ወድቃበት ይሆን፣ አሁን ወድቃበት ይሆን እያልኩ ሁለቴ ወጥ አሳረርኩ።» አለችና ማልቀስ። እኔ ጅሉ፣ ይኼን ሁሉ ዓመት ቤንዚኑ ቆጭቷት ነበር የመሰለኝ!

«ታዲያ መሐላሽስ?» ብላት፣ «እናቴ ታውቀኛለች፣ ይቅር ትለኛለች» አለች።

ራዲያተሩን ሲግናል ሰፈር ወስደን አስበየድነው። ጎሚኒውን ግን የሠራችው እሷ ናት። ከአሮጌ ጎማ ውስጥ አየር የሚሞላበትን ስስ ላስቲክ ቆረጠች፣ ደራረበች፣ በጣቷ ጫን ጫን አድርጋ፣ «ይኸው፣ ለስለስ ይበል። ደግሞ አንቀህ አትሰራት!» አለችኝ። ይኸው እስከ ዛሬ ጠብ የለም። ግን እኔም ከክሪኩ ጎን ወፍራም ግንድ ሳላስደግፍ ከሥሯ አልገባም፤ አልማዝም በርጩማዋን አምጥታ እግሬን ይዛ ትቀመጣለች።

«ውይ አባባ፣ እውነት እግርዎን ይዛ?»

እግሬን ነው የምልሽ! ቅዳሜ ለታማ ጥላው ተመቸኝና እዚያው ከመኪናዋ ሥር ሸለብ አደረገኝ። በሁለት እግሬ ጎትታ አወጣችኝ፣ ጩኸቷንም ለቀቀችው! አቶ ሙሉጌታ በአጥር ዘሎ ደረሰ። «ኧረ ተኝቼ ነው!» ብላት ማን ይስማኝ?

ከጓዳ አልማዝ፦ «አላንኮራፋህማ! ዕድሜ ልክህን ስታንኮራፋ አጠገብህ ተኝቼ፣ ድንገት ዝም ስትል ምን ልበል?»