የጋለ ጠመንጃና የነገሌ ሰላምታ

እኛ ጉልበት በነበረን ጊዜ፣ መንግሥት ከተለወጠ ወዲህ ማለቴ ነው፣ ነገሌ ውስጥ ባለ ሁለት አፍ ጠመንጃ ሲላላ የሚመጣው እኔ ዘንድ ነበር። ሁለቱን አፈሙዝ አያይዞ መሃላቸው ላይ የሚሄድ ቀጭን ብረት አለ አይደል? እሱ በቀለጠ እርሳስ ነው የተጣበቀው፤ ሲለቅ እንደ አሮጌ አልጋ ይንጫጫል። ታዲያ ኦቦ ጃርሶ የሚባሉ የአሬሮ ሰው መጡና "ይህን አጥብቅልኝ፣ ጥቁረቱ ግን እንዳይነካ" አሉኝ። ለካ ወንድ ልጃቸውን ሊድሩ ነው፣ እና የሙሽራይቱ አባት ለጥሎሽ ከከብቱ ሌላ "ያቺን ጥቁሯን ጠመንጃ" ብለው መርጠዋል። መልኳ ከተለወጠ "ቀየርክብኝ" ይላሉ፣ ልጅቷም እዚያው ትቀራለች።

እና እኔ እሳት ውጪውን እንዳይነካው የጋለ ዘንግ በአፈሙዙ ውስጥ እየከተትኩ አሞቃለሁ፤ እርሳሱ ሲቀልጥ ብረቱን በጨርቅ በሁለት እጄ ጫን አድርጌ እስኪረጋ መያዝ ነው። በሽቦ ባስረው ቀለሙን ይፍቃል። እንደያዝኩ አንድ ሽማግሌ በር ላይ ቆመው "አካም? ናጋ? ሎን ናጋ? ኢጆሌን ናጋ?" እያሉ ስለ ከብቱም ስለ ልጆቹም ጠየቁና እጃቸውን ዘረጉ። እስቲ ንገሩኝ ልጆች፣ የሽማግሌ እጅ አየር ላይ ይቀራል? ጨበጥኩ። ብረቱ ተነሳ። እንደገና አሞቅኩ፣ ሌላው መጣ፣ ዝናቡን ጠየቀ፣ ሣሩን ጠየቀ፣ እጁን ዘረጋ። ጨበጥኩ። ብረቱ ተነሳ። ከዚህ በላይ ካሞቅኩት ጥቁረቱ መሄዱ ነው፣ ኦቦ ጃርሶ ጥግ ላይ ተቀምጠው ላባቸው ይንጠፈጠፋል።

ባለቤቴን "አሞታል በያቸው" አልኳት። ከድጡ ወደ ማጡ። ታዲያ ሰፈሩ በሙሉ ወተት ይዞ ሊጠይቀኝ ገባ፣ እኔም በሽተኛው ጠመንጃ አቅፌ ተገኘሁ።

በማግስቱ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? በጠዋት ተነስቼ ቤት ለቤት ዞርኩ። ሳይጠይቁኝ ጠየቅኳቸው፤ ላሙን ጠየቅኩ፣ ግመሉን ጠየቅኩ፣ እግሯን የተሰበረችውን ፍየል ሳይቀር ጠየቅኩ። የሰፈሩ ሰላምታ ተሟጦ አለቀ። እና ተመልሼ አሞቅኩ፣ እርሳሱ ቀለጠ፣ ጫን አድርጌ ያዝኩ። ዝም ጭጭ። ቀና ስል ባለቤቴ በር ላይ ቆማለች።

"አገሩን ሁሉ ስትጠይቅ አረፈድክ፤ እኔን እንዴት አደርሽ ያለኝ ማን ነው?"

ኦቦ ጃርሶ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔም እጄን ሳላነሳ፣ ደንግጬ፣ "እንዴት አደርሽ? ሎን ናጋ?" አልኳት። ከብቱ ደህና ነው ወይ ማለቴ ነው፤ እኛ እኮ አንድ ጥጃ እንኳ የለንም።

"ደህና። ሥራህን ሥራ" ብላኝ ሄደች።

እርሳሱ ረጋ፣ ጥቁረቱም እንዳለ ቀረ፣ ልጅቷም መጣች፣ ወልዳ ከብዳለች። ታዲያ ሰዎች "ከዚህች ቁጡ ሴት ጋር ይህን ሁሉ ዘመን እንዴት ኖርክ?" ይሉኛል። በነገሌ ሰላምታዋ አጭር የሆነ ሰው እሷ ብቻ ናት! ሌላ አግብቼ ቢሆን ያን ጠመንጃ እስካሁን እንደያዝኩ እቀር ነበር። ሃሃሃ።