የጸሎት ቤቱ የካናቢስ ማመልከቻ

አንድ የጴንጤ ጸሎት ቤት በሽትራሰንፌስት፣ በጎዳና ላይ በዓሉ ማለቴ ነው፣ ካናቢስ ልሽጥ ብሎ አመለከተ ብላችሁ እንደማታምኑኝ አውቃለሁ። እኔ ግን ወደ ኖርድቬስትሽታት በሚሄደው የምድር ባቡር፣ ኡባን ውስጥ በጆሮዬ ሰማሁት፤ ፍራንክፈርት ውስጥ ደግሞ የእኔን የመሰለ ጆሮ የለም። ፊት ለፊቴ አንዲት ሴትዮ ደብዳቤ ይዛ አብሯት የተቀመጠው ሰውዬ ላይ ትጮኻለች።

«ወንድም ግርማ፣ እኛ የምንሸጠው ምንድነው?»

«ሳምቡሳ ነዋ፣ እህቴ።»

«ታዲያ ፎርሙ ‹ካናቢስ ትሸጣላችሁ ወይ?› ሲል ለምን ‹አዎ› አልክ?»

«ሁሉንም ነው አዎ ያልኩት። አንድ ቦታ ባዶ ከተውን ይመልሱብናል ብዬ።»

«ይኸው መለሱብን! በበዓል ላይ መሸጥ ክልክል ነው፣ ፈቃድም አይሰጥበትም ይላል። ቅዳሜ ቦታ የላችሁም ተባልን! ሴቶቹ ሽንኩርቱን ከትፈው ጨርሰዋል እኮ!»

«በሕግ ተፈቅዷል ሲሉ ሰምቼ...»

«ሰው ቤቱ ማጨሱና ድንኳን ተክሎ መሸጡ አንድ ነው? ደግሞ ኃላፊ ብለህ የጻፍከው የእኔን ስም!»

«የጸሎት መሪ ስለሆንሽ ያከብሩሻል ብዬ ነው።»

«አከበሩኛ!»

«በቃ፣ ሌላ ፎርም እሞላለሁ።»

«እንዳትነካ! ቆይ... የዜግነቴን ፎርም የሞላኸው አንተ አይደለህም እንዴ?»

«እኔ ነኝ።»

«‹ወንጀል ሠርተሽ ታውቂያለሽ ወይ› የሚለውንስ?»

«እህቴ፣ አንድም ባዶ አልተውኩም።»

እኔም ቀስ ብዬ ቦርሳዬን ከፈትኩና ትናንት የሞላሁትን ፎርም ከመጀመሪያው ማንበብ ጀመርኩ፤ ካላመናችሁኝ እዚያ ፉርጎ ውስጥ የነበረውን ሐበሻ ሁሉ ሄዳችሁ ጠይቁ።