ወንድሜ የሚመጣበት ሳምንት

እሑድ ከሰዓት በኋላ በልብስ ስፌት ክፍላችን ውስጥ ሦስት ሰዎች ነበርን፤ እናቴ፣ የታላቅ ወንድሜ ሚስትና እኔ። ወንድሜ የጭነት መኪና ሾፌር ስለሆነ እንደ ልማዱ መንገድ ላይ ነበር። እናቴ ቀሚሷን ልታሳጥር ሳይታሰብ ብቅ ስትል፣ የወንድሜ ሚስት አንዲት ቀጭን የሽንት መመርመሪያ ወረቀት በስልኳ ፎቶ ስታነሳ ደረሰችባት።

«ፀነስሽ እንዴ?» አለች እናቴ፤ እጇ ደረቷ ላይ ቀረ።

«አይደለም እማማ። የሆርሞን መለኪያ ነው።»

እናቴ በርጩማው ላይ ዘፍ አለች። የልጅ ልጅ ለማቀፍ ስትጠብቅ ዓመታት ያለፏት ሴት ናት።

«ዘመድ ሁሉ ‹ሌላ ያግባ› እያለ ጆሮዬን አደነቆረው፤ አንቺ ወረቀት ፎቶ ታነሻለሽ!»

«ወረቀቱ እንደ ሆርሞኑ ቀለሙ ይለያያል። ስልኩ ላይ ያለው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ቀለሙን ካለፉት ወራት ጋር እያስተያየ እንቁላሌ የምትወጣበትን ቀን ይገምታል። ያሳየችኝ የጤና ጣቢያዋ ነርስ ናት።»

«የሴት ገመና ለስልክ ይነገራል? እኔ ጨረቃ አይቼ ስድስት ወልጃለሁ!»

«አባባ እኮ ግቢያችን ውስጥ የሚሠራ አናጢ ነበር፤ ከቤት አይወጣም ነበር» አልኩ፤ ከአፌ አመለጠኝ። ፊቴ ከካውያው በላይ ጋለ።

«አንተ ደግሞ መቀስህን ያዝ!» አለችኝ፤ ሆኖም ሳቋን መደበቅ አቃታት። ወዲያው ፊቷን ወደ ምራቷ መለሰች። «ልጅ የሚሰጠው እግዜር ነው፣ ልጄ።»

«እሱ ሲሰጥስ ባሌ እቤት መገኘት የለበትም? እማማ፣ አይቆጡኝ። እርስዎ ‹የወር አበባዋ በቆመ በሳምንቱ ይምጣ› አሉ፤ እሱም ቃልዎን አክብሮ የእረፍት ተራውን በዚያ አስያዘ። የእኔ እንቁላል ግን ዘግይታ ነው የምትወጣው። እሱ መጥቶ ይሄዳል፤ እኔ ትራሱን አቅፌ እተኛለሁ። ቀኔ የሚደርሰው ያኔ ነው።»

እናቴ ቀስ ብላ፣ «ታዲያ ያለያየኋችሁ እኔ ነኛ» አለች።

«ማናችንም አላወቅንም እማማ። ስልኩም ሊሳሳት ይችላል። ነርሷ ‹ይህም ካልሆነ ሁለታችሁም ትመረመራላችሁ› ብላለች።»

«እሱም? ያን የሚያህል መኪና የሚያሽከረክር ሰው ምን ጎድሎት?»

«እሱም።»

«እሺ፣ እሱም ይመርመር» አለች እናቴ። «ዘመዶቹንም ዝም በሉ እላቸዋለሁ።»

እኔ እንደሚመስለኝ፣ ሴት የገዛ አካሏን ጠባይ ማወቋ ነውር የለበትም። ካወቀች ለሐኪም በትክክል ትናገራለች፤ ‹መካን› እየተባለችም ብቻዋን አታለቅስም። ባልና ሚስትም ናፍቆታቸውን በግምት አያባክኑትም። እንደ ስልኩ ያለ መሣሪያ የሐኪምን ቦታ ባይተካም፣ ያገዘንን ያህል ማመስገን ይገባል።

ሰኞ ጠዋት እናቴ ወንድሜ ወደሚሠራበት መሥሪያ ቤት ሄዳ የስምሪት ኃላፊውን አነጋገረች። «ምን ጉዳይ ገጠማችሁ?» ሲላት «የቤት ጉዳይ» አለችው። የወንድሜ የእረፍት ተራ በአንድ ሳምንት ተገፋለት።