ባለ አንድ ድንጋዩ በር

ያ ቅጽ ትዝ ባለኝ ቁጥር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። አስጎብኚ ነኝ፤ ከነአኩቶ ለአብ ገዳም ወዲያ እንግዳ የምወስድበት አንድ ቤተክርስቲያን አለ። የግቢው በር ከነጉበኑ ከተራራው ተፈልፍሎ የወጣ ነው። ጉበኑ ቢሰነጠቅ "ሰው ላይ ሳይወርድ ይጠገንልን" ብለን ለቅርስ ጥበቃ ቢሮ አመለከትን። ከስንት ምልልስ በኋላ አንድ ባለሙያ ቅጽ ይዞ መጣ። "ድንጋዩ ከየት ነው የመጣው?" አለኝ። "ከየትም አልመጣም፣ እዚሁ የነበረ ነው።" "በምን ተያያዘ? በኖራ ነው በጭቃ?" "ወንድሜ፣ ተፈልፍሎ ነው እኮ፣ ግንብ አይደለም።" "ቅጹን ባዶ መተው አይቻልም" አለ። ይሄኔ አስተዳዳሪው መምሬ ካሴ እጁን ይዘው ወደ ላይ አሳዩት። "ይኸውልህ ልጄ፣ በሩም ግድግዳውም ተራራውም አንድ ድንጋይ ነው" አሉት። ሰውየው ደስ ብሎት "አንድ" ብሎ ጻፈ። እኔም ተገላገልኩ ብዬ ተነፈስኩ።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ከቢሮው ደብዳቤ መጣ። እዚያው በሩ አጠገብ ቆሜ ለመምሬ አነበብኩላቸው፦ "የተጎዳው ድንጋይ ብዛት አንድ ብቻ በመሆኑ፣ በኅብረተሰቡ ተሳትፎ በአዲስ ተተክቶ ሪፖርት እንዲደረግ።" ደሜ ፈላ። መምሬ ግን ቀና ብለው ተራራውን አዩና "በል ጻፍላቸው" አሉኝ፣ "አሮጌውን ተራራ አንሥተን የት እንደምናደርገው ይንገሩን።" አንድ ቃል ሳልጨምር ጻፍኩ። መልሱ እስኪመጣ ድረስ በዚያ በር የምናልፈው እየሮጥን ነው። መምሬም በዚያ ዕድሜያቸው መስቀላቸውን ይዘው ይሮጣሉ።