የስታኖዬ በርበሬና በግልጽ የሚወጣ አረቄ

ልጆቼ፣ በመጋቢት ከዳቦ ቤት ስመለስ ጎረቤቴን ስታኖዬን አገኘሁት። ችግኝ በሚያፈላበት ላስቲክ ቤቱ ደጃፍ በርጩማ አስቀምጦ እንደ ዘበኛ ተቀምጧል። ሩቅ አገር፣ ሉብልያና ከተማ ያለችው ልጁ ወልዳ፣ «አያቱ ካልመጣ ክርስትና አይነሳም» ብላ ትጠብቀዋለች። እሱ ግን የበርበሬ ችግኙን ጥሎ መሄድ አልሆነለትም። እኛ በበርበሬዋ የታወቀችው የሌስኮቫትስ ከተማ ሰዎች በበርበሬ ነገር እንዲህ ነን።

በዚያው ቅጽበት ኒሽ ዩኒቨርሲቲ የምትማረው የሰፈራችን መምህር ልጅ ያስና ከአውቶቡስ ወርዳ ደረሰች።

«ጋሼ ስታኖዬ፣ ማሞቂያውንና ውሃውን በስልክ የሚያዝ ባለካሜራ ሳጥን ገዝተው አልነበር?»

«ገዝቼ ነበር። ከሩቅ እንድገባበት ብዬ ለኢንተርኔቱ የሳጥኑን በር ወለል አድርጌ ከፈትኩት። አንዱ የማላውቀው ገብቶ ማሞቂያውን አጠፋና ግማሹን ችግኝ ውርጭ ፈጀብኝ። ሳጥኑን ነቅዬ ጥግ ላይ ወረወርኩት።»

«የይለፍ ቃሉስ?»

«ከፋብሪካ የመጣበት ነው። ምን አጠፋ ብዬ ልቀይረው?»

ሳቄን በዳቦው ጋረድኩ።

«በሩን እንዝጋና ቪፒኤን የሚሉትን፣ በኢንተርኔት ውስጥ የግል መንገድ የሚከፍት ፕሮግራም እንትከል» አለች ያስና። «ስልክዎና ሳጥኑ የየራሳቸው ቁልፍ ይኖራቸዋል፤ ቀጥታ እርስ በርስ ያወራሉ። ወሬው ተቆልፎ ስለሚሄድ የሰረቀው አይገባውም። ቁልፍ ለሌለው ሳጥኑ መልስም አይሰጥም።»

«መሀል ላይ አንድ ኩባንያ መጎለቱ አይቀርም።»

«አገናኝማ አለ። ሽማግሌ ነው በሉት፤ ሙሽሮቹን ካገናኘ በኋላ አብሮ አያድርም። መንገድ ቢዘጋባቸው እንኳ የታሸገውን ያቀብላል እንጂ አይከፍትም። የፕሮግራሙ አሠራርም ለዓለም ሁሉ የተገለጠ ነው።»

«አሠራሩ ለዓለም ሁሉ የተገለጠ ነው አልሽ። ሌባውም ያነበዋላ። በይ ተዪኝ።»

«ጋሼ፣ አረቄዎን የት ነው የሚያወጡት?»

«ግቢዬ ነዋ፤ ሰፈሩ ሁሉ ተሰብስቦ እየቀመሰ።»

«ጎረቤትዎ ድራጉቲን ግን በሩን ዘግቶ ያወጣል።»

«የሱን ማን ይጠጣል? ስኳር እንደሚጨም...» ብሎ ቆመ። ችግኞቹን አየ፤ እኔን አየ። «ፕሮግራሙንም የኮምፒውተር አዋቂዎቹ ሁሉ ቀምሰውታል ነው የምትዪኝ?»

«ቀምሰውታል፤ ስኳር ያገኘም ዝም አይልም። አሠራሩ የሁሉ ነው፤ ቁልፉ ግን የእርስዎ ብቻ።»

ስታኖዬ «በይ ትከዪው» ብሎ በርጩማውን አነሳ።

ልጆቼ፣ የተገለጠ ሥራ አያስፈራችሁ፤ ሰነፍ የከፈተው በር ያስፈራችሁ። ቁልፉን በእጁ የያዘ ሰው ርቆ ሄዶም ቤቱን ይጠብቃል፤ ዘመድም ይጠይቃል።

በክርስትናው ዕለት ለጎረቤቴ ደግ ልሁን ብዬ ውሃ ይዤ ላስቲክ ቤቱ ስገባ ስልኬ ጠራ።

«ውሃውን አስቀምጠው፤ ችግኞቹ ጠዋት ጠጥተዋል» አለኝ ስታኖዬ ከሉብልያና በካሜራው እያየኝ። ከኋላው ሕፃን ያለቅሳል። «ይልቅ ስማ፣ ይሄ ድምፅ የልጅ ልጄ ነው።»