ሙርሳል ከቀርከሃው ውስጥ ምን ይሠራ ነበር?

ጫማዬ አፉን ባይከፍት ኖሮ ይህን ነገር አልጽፈውም ነበር። የአሶሳ ጭቃ በሐምሌ የያዘውን አይለቅም። አንድ ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ የቀኝ ጫማዬን ሶል አስቀረብኝና እያነከስኩ አቶ ሐመድ ዘንድ ገባሁ። አቶ ሐመድ የበርታ ተወላጅ፣ ዕድሜው ወደ ሃምሳ የሚሆን ጫማ ሰፊ ነው። እኔ ደግሞ ከጎጃም ተመድቤ መጥቼ ሃያ ሁለት ዓመት አማርኛ ያስተማርኩ መምህር ነኝ። ስለ ሙዚቃ የማውቀው ማድመጥን ብቻ ነው።

አግዳሚው ላይ ሁለት ሰዎች ቀድመውኛል። አንደኛው ጋሽ ደባልቄ ናቸው። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ በሰፈራ መጥተው፣ ኋላ በከተማው ኪነት ቡድን ውስጥ ሳክስፎን ሲጫወቱ የኖሩ፣ ዛሬ ጢማቸው የነጣ ሰው። ሁለተኛዋ ገላኔ ትባላለች። የባምባሲ ልጅ ናት፤ ሳክስፎን ከቤተ ክርስቲያን መዘምራን ጋር ጀምራ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ሙዚቃ ተምራ፣ አሁን እዚሁ ልጆች ታስተምራለች። የመጣችው የጫማዋን ማሰሪያ ልታሰፋ ነው። ዓይኗ ግን ከአቶ ሐመድ ጭን ላይ አልተነሣም። እዚያ የተኛው ጫማ ሳይሆን አሮጌ ሳክስፎን ነበር። በየቁልፉ ሥር ያለው ቆዳ ስላለቀ፣ አቶ ሐመድ ስስ የፍየል ቆዳ ክብ ክብ እየቆረጠ ይለጥፍለታል።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና ጋሼ፣ ሳክስፎኑ የእርስዎ ነው?» አለች።

«እስከ ጳጉሜን የእኔ ነው» አሉ ጋሽ ደባልቄ። «ለአዲስ ዓመት የባህል ማሳያ ክፍል ሊከፈት አይደል? የመስታወት ሣጥን አሠርተውለታል። ስሜንም ይጽፉበታል።»

«ከዚያ በኋላ ማን ይጫወትበታል?»

«ማንም።»

«ታዲያ ቆዳውን ለምን ያስለጥፉታል?»

«ልጄ፣ ሰውም ታጥቦ ነው የሚቀበረው» አሏት።

አቶ ሐመድ ሥራውን ጨርሶ ሳክስፎኑን ሲያቀብላቸው፣ ልጅቷ አንድ ጊዜ ብቻ እንዲያሰሟት ለመነቻቸው። እሳቸውም እሺ ብለው ተነሡ። የተጫወቱት ትዝታ ነበር። መንገደኛው ጃንጥላውን እንደያዘ ቆመ። እኔ ያንን ሶሎ አውቀዋለሁ፤ በሠርጌ ቀን ሰምቼዋለሁ፣ በስንቱ የተማሪዎች ምረቃ ላይ ሰምቼዋለሁ። ከመሃል አንድ ቦታ ሲደርስ ዘወር ይልና ልብ ይነካል። የዛሬ ሃያ ዓመት የነበርኩትን ልጅ እግር መምህር አስታወሰኝ፤ አልደብቅም፣ ሆዴ ባባ።

ገላኔ ግን እንደ እኔ በመባባት አልቆመችም። «ግሩም ነው። እስኪ አሁን ደግሞ በሌላ መንገድ ይጫወቱልኝ» አለች።

«በምን ሌላ መንገድ?»

«ሶሎ አይደል? እንዳሰኘዎት፤ እዚሁ እየፈጠሩ።»

ጋሽ ደባልቄ ሳክስፎኑን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙት። «እሱ ተሰጥኦ ነው፤ ለእኔ አልተሰጠኝም። የተሰጠው ሙርሳል ነበር።»

ከዚያም ታሪኩን ነገሩን። ሙርሳል የቡድኑ አውራ ነበር፤ በአሶሳ ሳክስፎንን አናገረ የሚባልለት ሰው። ትናንት የተጫወተውን ዛሬ አይደግመውም። ጎህ ሲቀድ ሳክስፎኑን ይዞ ወደ ቀርከሃው ጫካ ይገባና ፀሐይ ስትሞቅ ይወጣል። ዜማውን የሚሰጠው እዚያ ያለ ውቃቢ ነው ይባል ስለነበር ተከትሎት የሚሄድ የለም። እሱን ሲጠይቁት «ነፋስ ልቀበል ነው» ይላል።

«ጋሼ፣ እኔም በየጠዋቱ ነፋስ እቀበላለሁ» አለች ገላኔ ፈገግ ብላ። «ከትዝታ ቅኝት ሦስት ድምፅ እይዛለሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ከዚያ ከሁለተኛው ተነሥቼ ሦስት፣ ከሦስተኛው ተነሥቼ ሦስት። ላይ ከደረስኩ በኋላ እንደዚሁ እያልኩ እወርዳለሁ። ሲለምድልኝ መነሻውን ከፍ አድርጌ እንደ አዲስ እጀምራለሁ። የጃዝ ሰዎች አሥራ ሁለቱን መነሻ ድምፅ ሳያዳርሱ አያርፉም። ጣት እንዲህ ያለውን ሐረግ ካወቀ፣ መድረክ ላይ ልብ ያሰበውን ሳያንገራግር ይሠራል።»

«ይህማ ሀ ሁ ሂ መቁጠር ነው።»

«ሀ ሁን ሳይቆጥር ደብዳቤ የጻፈ ሰው ያውቃሉ?»

«ሀ ሁን የቆጠረስ ሁሉ ደራሲ ሆኗል? እስኪ መምህር ይፍረዱ።»

እኔም ፍረድ ካሉኝ ዘንድ ዝም ማለት አልሆነልኝም። አጎቴ የቅኔ መምህር ነበሩ። ደቀ መዝሙሩ ጉባኤ ቃና በሚባለው ባለ ሁለት ቤት ቅኔ ይጀምራል፤ ዛፍ ሥር ለብቻው ተቀምጦ ይቆጥራል፣ ያፈርሳል፣ ይቆጥራል። ከዓመታት በኋላ ባንድ በዓል ቀን ማንም ያልሰማውን ሲዘርፍ ሕዝቡ ጉድ ይላል። ይህንን ነገርኳቸው።

«ቅኔም ቢሆን ለተሰጠው ነው» አሉ ጋሽ ደባልቄ።

«አጎቴ ግን ቅኔ የጠፋበትን ተማሪ "አልተሰጠህም" ብለውት አያውቁም። "ገና አልቆጠርህም" ነበር የሚሉት።»

በዚህ ጊዜ ጋሽ ደባልቄ ፊታቸው ተለወጠ። እኔ የተቆጡ መስሎኝ ነበር፤ ለካ አዝነው ኖሯል።

«ተሰጥኦውን ሠላሳ አምስት ዓመት ጠብቄዋለሁ እኮ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሙርሳል የሞተ ጊዜ፣ ቀርከሃው ውስጥ ገብቼ ሦስት ጠዋት ተቀመጥኩ። ይህንን ሳክስፎን ታቅፌ። ምንም አልመጣም። ትንኝ በላኝ።»

«ተጫወቱበት?» አለች ገላኔ።

«ሳይሰጠኝ ምን ብዬ እጫወታለሁ? እስኪሰጠኝ ነው የጠበቅሁት።» ከዚያ ወደ እኔ ዞር አሉ። «መምህር፣ በሠርግዎ የተጫወትኩት ሶሎ የእኔ አይደለም። ሙርሳል አንድ ቀን ተጫውቶ የረሳውን በቃሌ ይዤ ነው። ሰው ያጨበጭባል፣ እኔ አፍራለሁ። ይህ ዕቃ መስታወት ውስጥ ቢገባ ምን ይጎድላል? ውስጡ ያለው አንድ ዜማ ነው፤ እሱም የሰው።»

ሰው ያላደረገውን ነገር ለዓመታት ተሸክሞ ሲኖር ማየት ያሳዝናል። የበለጠ ያሳዘነኝ ግን እነዚያ ሦስት ጠዋቶች ናቸው፤ ሳክስፎን ታቅፎ ዝም ብሎ መቀመጥ።

ገላኔ ከቦርሳዋ የራሷን የሳክስፎን አፍ መንፊያ አወጣችና «ይፈቅዱልኛል?» አለች። ጋሽ ደባልቄ ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁላት። መንፊያውን በሳክስፎናቸው ላይ ገጥማ፣ የተናገረችውን ነገር ቀስ ብላ ተጫወተችው። ሦስት፣ ከዚያ ሦስት፣ ከዚያ ሦስት፤ ወደ ላይ ወጥታ ወረደች።

የአቶ ሐመድ መዶሻ ቆመ።

«ይሄ የሙርሳል ነው» አለ።

«ምን አልክ?» አሉ ጋሽ ደባልቄ።

«ወላሂ የሙርሳል ነው። የእናቴ ቤት ቀርከሃው ጫፍ ነበር፤ ሁልጊዜ ጠዋት ይሰማል። እናቴ ትላለች፣ "ይሄ ሰውዬ ዛሬም መሰላል ወጣ።" ይወጣል፣ ይወርዳል። ሲሳሳት ተመልሶ ከታች ይጀምራል። እኛ እንስቅ ነበር።»

ከዚያም ከንፈሩን ሞጥሞጥ አድርጎ በፉጨት አሰማን። አንድም ድምፅ ሳያዛንፍ፣ ልጅቷ አሁን የተጫወተችው ነበር።

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልነገርከኝም?»

«ማን ጠየቀኝ? እናንተ ውቃቢ ነው አላችሁ። እኔ ልጅ ነበርኩ፤ ውቃቢ እንደዚህ ነው የሚሠራው ብዬ ነበር።»

ጋሽ ደባልቄ መጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ የጋቢያቸውን ጫፍ ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። «ይሳሳት ነበር?» አሉ።

«ብዙ ጊዜ» አለ አቶ ሐመድ።

«ሙርሳል ይሳሳት ነበር» አሉ ለራሳቸው፤ የምሥራች እንደ ሰማ ሰው ደጋግመው አሉት።

ገላኔ አጠገባቸው ተቀመጠች። «ጋሼ፣ አንድ ሳምንት ሦስት ድምፅ ብቻ ይያዙ። አይቸኩሉ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሌላ ሐረግ እሰጥዎታለሁ።»

«በስድሳ ሦስት ዓመቴ?»

«አርባ ዓመት የነፋ ከንፈር አለዎት። እኔ ይህንን የት አገኘዋለሁ?»

ከዚያ ቀን ወዲህ ጠዋት ጠዋት ወደ ቀርከሃው መውጣት ጀመሩ። እኔም አንዳንድ ቀን ሸኘኋቸው። ጫካው እንደ ድሮው አይደለም፤ ተመናምኖ ቆርቆሮ ቤቶች በቅለውበታል። እሳቸው ግን ሙርሳል ይቆምበት ነበር ያሉትን ቦታ አግኝተው እዚያው ይቆማሉ። ሲሳሳቱ ከታች ይጀምራሉ። ባንድ ወር ውስጥ ሦስቱ ድምፅ አራት ሆነ፤ ቆይቶም ሐረጉን ከመሃሉ ሰብረው ወደ ሌላ ይቀጥሉት ጀመር። ጳጉሜን ሲገባ ከባህል ማሳያው ሰው ሲላክባቸው፣ በሳክስፎኑ ፈንታ የኪነት ቡድኑን የደንብ ልብስና አቶ ሐመድ ፍቆ ያወጣቸውን ያለቁ ቆዳዎች በቆርቆሮ ጣሳ አድርገው ሰጡ። «ያለቀው ይህ ነው» አሉት።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ትልቅ ሰው ስናይ ተሰጥኦ ነው እያልን ቁጭ የምንል ብዙዎች ነን። ይህ አባባል ለባለሙያው ክብር ይመስላል እንጂ ጎህ ሲቀድ የደከመውን ድካም መካድ ነው፤ ለእኛም የስንፍና ትራስ ነው። ተሰጥኦ የለም አልልም። ነገር ግን በየዕለቱ ትንሽ ሐረግ ወስዶ፣ ወደ ላይና ወደ ታች አመላልሶ፣ ተሳስቶ፣ እንደገና የጀመረ ሰው ለነጻነቱ ስንቅ ይቋጥራል። በልጅነቱ ያልጀመረም ቢሆን አልመሸበትም። እኔ ራሴ «ከልባችሁ ጻፉ» እያልኩ ስንቱን ተማሪ ባዶ ወረቀት አስታቅፌዋለሁ። ዛሬ አንድ ዓረፍተ ነገር እሰጣቸውና በአምስት ዓይነት መንገድ አስጽፋቸዋለሁ። ያጉረመርማሉ፤ ግን ይጽፋሉ።

መስከረም ሁለት ቀን ማሳያው ሲከፈት፣ ጋሽ ደባልቄ ከመስታወቱ ሣጥን ጎን ቆመው ትዝታን ጀመሩ። ያ ሶሎ ዘወር የሚልበት ቦታ ሲደርሱ ሁላችንም የምናውቀውን ጠበቅን። እሳቸው ግን አልዞሩም። ቆም ብለው ሦስት ድምፅ ያዙና ወደማናውቀው ሄዱ። መንገድ ላይ አንዱን ድምፅ ሳቱ። እሳቸው ሳይደነግጡ ከታች ጀምረው ወጡት። ጭብጨባው ሲነሣ አላፈሩም።

አቶ ሐመድ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «መሰላሉን ወጣ» አለኝ።